ከስክሪኑ የተቆረጠው ሰላምታ

ይድረስ ለወንድሜ ለጋዲሳ ኤጄታ
ዱባይ

ውድ ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ባለፈው አሞኛል ያልከው ወገብህ ተሻለህ? መሰላል ላይ ወጥተህ ስክሪን ስትሰቅል ከታች የሚይዝልህ ሰው አለ? ሙቀቱስ በረደላችሁ? አብረውህ የሚኖሩት ልጆች ደኅና ናቸው? እንቅልፍ ይወስድሃል? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ድሮህ ቆመህ ጎራርሰህ ነው የምትሮጠው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አባባ ከጉልበቱ በቀር ደኅና ነው፤ እህታችን አቢጊያ ደኅና ናት፤ እናታችን ሀርሜም ደኅና ናት፤ የሀርሜን ነገር ግን ወደ ታች እመለስበታለሁ። እኔ ደግሞ ከንዴት በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም።

ይህን ሁሉ የጠየቅኩህ በአንተ ተናድጄ ነው። በቤታችን ሰው ቢኮራረፍ እንኳ ሰላምታ ተዘሎ ወደ ነገር እንደማይገባ አንተም ድሮ ታውቅ ነበር። ረስተኸው ከሆነ ይህ ደብዳቤ ያስታውስህ፤ የተጣላንበትም ነገር እሱው ነው።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። "ሥራ ላይ ነኝ ለንሳ፣ በአጭሩ ንገሪኝ" አልከኝ። በአጭሩ የሚነገር ስላልሆነ ዘጋሁት። በፌስቡክ እንዳልጽፍልህ ያችን አውራ ጣት ልከህልኝ ታልፋለህ። ስለዚህ ወረቀት ገዝቼ ተቀመጥኩ። አንተ የተማርከው በአማርኛ ስለሆነና በቁቤ የተጻፈ ኦሮምኛ ስታነብ እንደምታዘግም ስለማውቅ በአማርኛ ጻፍኩልህ፤ አልገባኝም የምትልበት ምክንያት እንዳይኖርህ። ደብዳቤውን የምታደርስልህ ሀጀራ የባለ መደብሩ የአብዱልወሀብ የወንድም ልጅ ናት፤ እዚያው ዱባይ ወዳለው ባሏ ዘንድ እየመጣች ነው። ፊቷ ቁጭ ብለህ እስክትጨርሰው ድረስ እንዳትነሳ አደራ ብያታለሁ።

እንግዲህ ነገሩን ከመነሻው ልጀምርልህ፤ አንተ የገባኸው መሐል ላይ ነውና።

ስክሪኑን የላክኸው አንተ ነህ፤ ይህን አልክድም። ድርጅታችሁ ከአንድ ትልቅ የገበያ ማዕከል ያወረደውን አሮጌ ስክሪን ለምነህ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለህ፣ በሰው አስይዘህ አምቦ ድረስ ስታደርሰው አባባ በጉባኤ ፊት ቆሞ አመስግኖልሃል። አብዱልወሀብም ለመደብሩ ሲወስደው "የጋዲሳ ዕቃ ነው" እያለ እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቆ ነው ያስገባው። ባዶ ስክሪን ግን መስታወት ነው። ምን እንደሚያሳይ፣ ሲነኩት ምን እንደሚል፣ የቱ ሥዕል ከየቱ እንደሚቀድም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ክረምቱን ሙሉ ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

መደብሩን ታውቀዋለህ። ፊቱ ጠባብ፣ ጓዳው ሰፊ ነው። ብርድ ልብሱ፣ ጨርቁ፣ ድስቱ ሁሉ የሚቀመጠው ከኋላ ባለው መጋዘን ነው። አንድ ሰው ብርድ ልብስ ልይ ሲል ናፊሳ፣ የአብዱልወሀብን ባለቤት ማለቴ ነው፣ የመጋዘኑን ግማሽ ታስወጣለች፤ ሰውዬው ገላልጦ አይቶ ሲሄድ መልሳ ታጥፋለች። ስክሪኑ የመጣው ለዚህ ነበር። ገዢው ጓዳ ያለውን ዕቃ በጣቱ እየነካ እንዲያይ፣ የመረጠው ብቻ እንዲወጣለት።

መጀመሪያ በካርቶን ሠራሁት። ሥዕሎቹን ቆርጬ ካርቶን ላይ ለጥፌ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩና ሰው ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ ናፊሳ አጠገብ ተቀምጬ ሳይ ሰነበትኩ። ጽሑፍ አላበዛሁም፤ ቅዳሜ ከገጠር የሚመጣው ሰው ብዙው አያነብም። ሥዕሉን የመዳፍ ያህል አደረግኩት፤ እርፍ ሲጨብጥ የኖረ ጣት ጥቃቅን ነገር ላይ ማነጣጠር አይሆንለትም። ብርድ ልብሶቹን ናፊሳ ግቢ አጥር ላይ አስጥቼ በጠዋት ፀሐይ ፎቶ አነሳኋቸው፤ ሰው ቀይ ብሎ መርጦ ቡና ዓይነት እንዳይወጣበት። ዋጋ አልጻፍኩም። ዋጋ ከናፊሳ አፍ ነው የሚወጣው፤ ሰው ተከራክሮ፣ ወጥቶ ተመልሶ፣ ተሳስቆ ነው የሚገዛው። ይህን ያህል አስቤበት ሳለሁ አንተ "ዋጋ እንኳ አልጻፈችም" ብለህ ሳቅክብኝ አሉ።

መስከረም ላይ ስክሪኑ በርቶ ሥራ ሲጀምር ማንም አልነካውም። ሰው ይገባል፣ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ይጠብቃል። ትንሽ ቆይቶ ናፊሳን "ይሄ ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቃትና እንደ ድሮው መጋዘኑን ያስገለብጣታል። እኔ ሥዕሉ ይሆናል ብዬ ሥዕል ስቀያይር ከረምኩ። ኋላ አንድ ሽማግሌ ሲወጡ ተከትያቸው ለምን አልነኩትም ብዬ ብጠይቃቸው፣ "ማን ግባ አለኝ?" አሉኝ። ክው አልኩ። እንዴት አደርክ ሳይባል በሰው ቤት ዕቃ ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው እዚህ የለም። ስክሪኑ ከሁሉ በፊት ሰላም ማለት ነበረበት።

አቢጊያን ቀዳኋት። ድምፅዋ ጥሩ ነው፤ ግን ሰው የሬዲዮ ማስታወቂያ መስሎት ሬዲዮኑ የት እንዳለ በዓይኑ ይፈልግ ጀመር። ስለዚህ ሀርሜን ያዝኳት። የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ብርድ ልብስ አልብሼ፣ የጎረቤት ውሻ ዝም እስኪል ጠብቄ፣ ማይክራፎኑን አፏ ላይ ደቀንኩ። እምቢ አለች። "ግድግዳ ነው ሰላም የምለው? ማን መጣና?" አለችኝ። እውነቷን ነው። መላ ፈጠርኩላትና ሰላም አለች፤ መላው ምን እንደነበረ ኋላ እነግርሃለሁ።

"አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ? ነጋዻ? ፈያዻ?" ብላ ነው የምትጀምረው። እንዴት ነህ ልጄ፣ ሰላም ነህ፣ ጤና ነህ ብላ፤ ከዚያ መንገዱን፣ የቤቱን ሰው፣ ልጆቹን፣ ከብቱን ሳይቀር ጠይቃ፣ "ግባ፣ ቁጭ በል፣ ደክሞሃል" ብላ ትጨርሳለች። ከየጥያቄው በኋላ ሰው እንደሚያደርገው መልስ ትጠብቃለች፤ ያን ዝምታ አልቆረጥኩትም። ሽበታሙንም ሴቷንም ሁሉንም "ኢልማ ኮ"፣ ወንድ ልጄ፣ ነው የምትለው። ይህችን ቃል ላወጣት አስቤ ነበር፤ ሰው ግን እየሳቀ ወደዳት፣ ተውኳት። ሰላምታው ሲያልቅ ሥዕሎቹ ይመጣሉ።

ጋዲሳ፣ ብታየው ኖሮ። ሰው መልስ መስጠት ጀመረ። ቆሞ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ "ነጋ፣ ነጋ፣ ከብቶቹም ደኅና ናቸው" ይላታል፤ ከዚያ ቀረብ ይላል፣ ይነካል። ኦቦ ሞሲሳ የሚባሉ በጉደር በኩል የሚመጡ ገበሬ አሉ፤ እሳቸው በዱላቸው ጫፍ ነው የሚነኩት። ስለታመመ በሬያቸው ለሀርሜ ድምፅ አንድ በአንድ ሲያጫውቱ ቆይተው ወደ ናፊሳ ዞር አሉና "ይቺ ሴት አስተዳደግ አላት፤ የማን ቤት ናት?" አሏት። አባባ ጤና ጣቢያ ሳለ አክሟቸው ኖሮ የኤጄታ ባለቤት ናት ሲባሉ በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ኩንታል የማይሞላ ቀይ ሽንኩርት አስጭነው ቤታችን ድረስ መጡ። እንዲህ እንዲህ እያለ ገበያተኛው ሁሉ ሀርሜን አወቃት። እሷም ቅዳሜ ሲሆን ከአዴ ሲንቄ ጋር፣ ጎረቤታችን አዴ ሲንቄን መቼም አልረሳሃትም፣ ወርዳ መደብሩ በር ላይ ትቆማለች፤ አትገባም። ሰው ሲመልስላት ትሰማና አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች። አብዱልወሀብ ደስ ብሎት ለጉደሩና ለጌዶው መደብሩም እንዲሁ ሥሪልኝ አለኝ።

ሰላም ለማለት ብቻ ገብተው የሚወጡ ሴቶች ነበሩ፤ አብዱልወሀብ መጀመሪያ ፊቱን አጨፍግጎ ነበር። ሲሰነብት ግን እነዚያው ሴቶች ጨርቅ ሲያስፈልጋቸው ሌላ ቤት እንደማይሄዱ አየ።

እዚህ ላይ ነው አንተ የመጣኸው። "እስኪ ልየው፣ ፋይሉን ላኪልኝ" አልከኝ። ኢንተርኔት ቤት ከምሳ በኋላ ገብቼ እስኪዘጉ ድረስ ተቀምጬ ላክሁልህ። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሬያለሁ። አይዞሽ ጎበዝ ትለኛለህ ብዬ ስልኬን በእጄ ይዤ ነው የሰነበትኩት። አንተ ግን ለኔ አልደወልክም፤ ለአብዱልወሀብ ደወልክ።

ያልከውን ሁሉ ነግሮኛል፤ ደብቆ አልደበቀም፣ አፍሮ ነው እንጂ። "ልጅ ናት፣ ቅር እንዳይላት በዘዴ ንገራት። በስክሪን ፊት ሰው የሚቆመው ለዓይን ጥቅሻ ነው፤ እንዲህ ያለ የተንዛዛ ሰላምታ ደንበኛ ያባርራል። ደግሞ ይህች አሮጊት ማን ናት? የወጣት ድምፅ ይግባበት" አልከው። ከዚያ አንተው አስተካክለህ በፍላሽ፣ በሰው እጅ፣ ለእሱ ላክህ። ለኔ አይደለም፤ ለእሱ። እኔ የጉደሩን መደብር ግድግዳ ልለካ ሄጄ ሳለሁ የኮምፒውተር ጠጋኝ ጠርቶ የኔን አስነሥቶ ያንተን አስጫነ። በሜትር የሰው ግድግዳ ስለካ ከኋላዬ ሥራዬ ሲነቀል አስበው።

ያንተውን አይቼዋለሁ። እኔ እንዳንተ አይደለሁምና ያየሁትን እናገራለሁ፤ ብርድ ልብሱ አልጋ ላይ ሲዘረጋ የሚያሳየው ያንተ ከኔ ያምራል። ያን ማሳመር ችለህ ሌላውን ምን ቆርጦህ ነካህ? ሰው ገና እግሩን ሲያስገባ "ፍጠኑ! እንዳያመልጣችሁ!" የሚል የልጅ እግር ሴት ጩኸት ይቀበለዋል። ዋጋው በቀይ ብልጭ ድርግም ይላል። ማን ከማን ጋር ይከራከር? ሥዕሉ ደግሞ ሰው ሳይነካው ራሱ ይገለባበጣል፤ ኦቦ ሞሲሳ ዱላቸውን እስኪያነሱ አልፎ ይሄዳል።

ያንተ አገር ሰው መንገደኛ ነው፤ በስክሪን ፊት ያልፋል፤ አንተ የምትሠራው አላፊውን በልብሱ ጎትቶ ለማስቆም ነው። ሥራህን አታውቅም አላልኩም። እዚህ ግን ሰው አያልፍም፤ ብርድ ልብስ ብሎ ከቤቱ በጠዋት ተነሥቶ፣ አህያውን ጭኖ የመጣ ነው። መጥቶ የቆመን ሰው ፍጠን አይሉትም። ይህን ከኔ መማር ነውር መስሎህ ካልሆነ በቀር ጠይቀኸኝ ቢሆን እነግርህ ነበር።

አሁን ያንተው ከተጫነ በኋላ የመጣው ቅዳሜ ምን እንዳመጣ ልንገርህ፤ እስካሁን ያልሰማኸው ይህንን ነው።

እኔ ዓርብ ማታ ከጉደር ተመልሼ ምንም አላወቅኩም። ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ሞሲሳ እንደ ልማዳቸው መደብሩ ይገባሉ። ኮፍያቸውን አውልቀው ይቆማሉ። ፍጠኑ የሚለው ጩኸት ይመጣል። የሀርሜን ድምፅ ቢጠብቁ ቢጠብቁ የለም። መቼም የኛን አገር ደንብ አልረሳኸውም፤ ሰው የሞተበት ቤት ሬዲዮ አይከፈትም፤ የሟችማ ድምፅ በቴፕ ተቀድቶ ቢኖር እንኳ ማሰማት እንደ ድፍረት ነው። ሽማግሌው ይህን አሰቡ። ድምፅዋን የዘጉት ብትሞት ነው አሉ በልባቸው። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በሰው መደብር፣ በገዢ ፊት አይጠየቅም። ናፊሳን ምንም ሳይሏት ኮፍያቸውን በእጃቸው እንደያዙ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ገበያውን ማን ይያዘው? እህል ተራ ላይ ለአንድ ሰው ቢነግሩ፣ ወሬው ከእህል ተራ ወደ በርበሬ ተራ፣ ከበርበሬ ተራ ወደ ቅቤ ተራ ሄደ። "ያቺ የመደብሩ ሴት፣ ያቺ ልጄ የምትለን፣ ዐረፈች" ተባለ። ሰው እየገባ ጆሮውን ወደ ስክሪኑ ይጥላል፣ ድምፅዋን ያጣል፣ እውነት ነው ብሎ ይወጣል። አዴ ሲንቄ ቅቤ ልትገዛ ወርዳ ኖሮ ከሰው አፍ ሰማች። ጠዋት ሀርሜን በአጥር ላይ አነጋግራታለች፤ ግን ሰው ሲሞት ጠዋት የተነጋገረ አይደለም ወይ የሚሞተው፤ አመነች። ቅቤዋን ጥላ ነው የወጣችው።

እኛ ቤት ነን። እኔ ልብስ አጥባለሁ፤ ሀርሜ ያን ቀን ገበያ ሳትወርድ ጓሮ በርበሬ ታሰጣለች። ከታች መንገድ የለቅሶ ድምፅ ሰማን። ሀርሜ ቀና አለችና "የማን ቤት ነው? ውይ፣ የማን ቤት ይሆን?" አለች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ጋዲሳ፣ የራሷን ለቅሶ ልትደርስ እያለቀሰች በር ከፍታ ወጣች።

በሩ ላይ ተገናኙ። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ኮፍያ ያወለቁ ወንዶች፣ ፊት ፊት አዴ ሲንቄ ደረቷን እየመታች። ሀርሜ አቅፋት "ማን ነው? ማንን ነው?" ትላታለች። አዴ ሲንቄ ቀና ብላ ያቀፈቻት ማን እንደሆነች ስታይ ልትሮጥ ዞረች፤ ሁለት ሰው ነው የያዛት። ኦቦ ሞሲሳ ከኋላ ቆመው የጌታን ስም ይጠራሉ። ከዚያ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሁሉም ሳቀ፤ ሀርሜም እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ለቅሶ የመጣውን ሰው ሁሉ ግቡ አለች፤ አባባ አግዳሚ ወንበር አወጣ፤ አቢጊያ ውሃ ስታመላልስ ዋለች። የሞተ ሰው ይህን ያህል እንግዳ ተቀብሎ አያውቅም እያሉ ቀለዱባት።

ሳቁ ሲበርድ ኦቦ ሞሲሳ ነገሩን ከመነሻው አወጉ። ድምፅሽ ተዘግቶ ነው ይህ ሁሉ የሆነው አሏት። ሀርሜ ሳቋ ቆመ። "ተዘጋ? ማን ዘጋው?" አለችና ወደኔ ዞረች። እኔ ምን አውቄ። ልብሱን እንደ ዘፈዘፍኩ ጥዬ ወደ መደብሩ ሮጥኩ፤ ፍጠኑ የሚለው ጩኸትም ተቀበለኝ። አብዱልወሀብን ምንድን ነው ይሄ ብዬ ብጠይቀው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ያንተን ቃል አንድ በአንድ ነገረኝ።

ሥራዬን ስለነካህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጮኼ፣ ሰድቤህ፣ ይወጣልኝ ነበር። ልጅ ናት ማለትህንም እውጠዋለሁ፤ ስትሄድ ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኸኝም። የማልውጠው ሌላ ነው። ይህች አሮጊት ማን ናት ብለህ ጠየቅክ። እናትህ ናት ጋዲሳ። አምጣ የወለደችህ እናትህ ናት፤ ጆሮህ ላይ አስደግመህ ሰምተሃት፣ በኮምፒውተር ቆራርጠሃት፣ አላወቅካትም።

ከየት ታውቃታለህ? ስልክ በደወልክ ቁጥር አካም ጅርታ ስትል "እሺ እሺ ሀርሜ፣ ካርዱ እያለቀ ነው፣ ለለንሳ ስጫት" ትላታለህ። የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው የምትሰማት። እሷ ቀሪውን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለኛ ነው የምትጨርስልን፤ ምግቡንስ እንዴት አድርጎ ይሆን፣ ብርድስ፣ ሙቀትስ እያለች። ስንት ዓመት እንዲህ አደረግካት? ለዚህ ነው ሰላምታ የተንዛዛብህ። ሰምተህ ጨርሰህ ስለማታውቅ ነው።

ቤት ተመልሼ ለሀርሜ ዋሸኋት። መብራት መጥቶ ሲሄድ ተበላሽቶ ነው አልኳት። አባባን ግን ጓሮ ወስጄ እውነቱን ነገርኩት። "ድምፅዋን አላወቀውም?" አለኝ፤ አዎ አልኩት። መነጽሩን አድርጎ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ተቀመጠ፤ ገጽ ግን አልገለበጠም። ሀርሜ ደግሞ እራት ላይ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ጋዲሳ ቢኖር ያስተካክለው ነበር። ደውዪና ንገሪው፤ እሱ ያውቃል" አለች።  

ነገሩ አሁን ያለበት እንዲህ ነው። ሰኞ ሄጄ አብዱልወሀብን የኔን መልሰህ ጫን አልኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። "ወንድምሽ በትልልቅ መደብር የሚሠራ ሰው ነው፤ እሱ ይመለስ ካለኝ እመልሳለሁ። ካላለ ግን ጉደርና ጌዶም የሚሰቀለው ይኸው ነው፤ አንቺ ሽቦውን ብቻ ትሰኪያለሽ" አለኝ። ናፊሳ ከኔ ጋር ናት፤ የለም ሴትየዋ አልሞተችም እያለች ለየሰዉ መልስ መስጠት ሰልችቷታል። መጋዘኑንም እንደ ድሮው እየገለበጠች ነው፤ ስክሪኑን የሚነካው የለም። አብዱልወሀብ ይህን በዓይኑ እያየ ያንተን ቃል ይጠብቃል። እኔ እዚህ ቆሜ የምለው ሁሉ አንተ እዚያ ሆነህ ካልደገምከው ቃል አይሆንም ማለት ነው። ያንተን ጯሂ ደግሞ ጉደርም ሆነ ጌዶ አልሰቅልም፤ እንጀራዬ ቢቀር ይቅር። ሀርሜም ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ወደ መደብሩ አልወረደችም። አዴ ሲንቄ ስትጠራት ጉልበቴን አመመኝ ትላታለች፤ ጉልበቱን የሚያመው አባባ ነው።

አሁን ያን መላ ልንገርህ። ያን ቀን ግድግዳ ሰላም አልልም ስትለኝ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ አልኳት። ጨፈነች። ጋዲሳ መጥቷል፤ በሩን ከፍቶ ገብቷል፤ ሻንጣውን መሬት አስቀምጧል፤ በይ ሰላም በይው አልኳት። "ኢልማ ኮ" ያለችው አንተን ነው። ከጥያቄ ጥያቄ ዝም የምትለው አንተ እስክትመልስላት ነው። ገበያተኛው ሁሉ እየሳቀ ሲመልስ የከረመው ላንተ ለተባለው ሰላምታ ነው፤ አሮጊቷ ማን ናት ብለህ ያስቆረጥከውም እሱኑ ነው።

ለአብዱልወሀብ ደውልልኝ ብዬ አልለምንህም። ከእሱ በፊት ለሀርሜ ደውል። ካርድህን ሞልተህ፣ ከመሰላልህ ወርደህ፣ ተቀምጠህ ደውል። ስትጠይቅህ መልስላት፤ ከብቱንም ከጠየቀችህ የምን ከብት ብለህ አትሳቅባት፣ ደኅና ነው በላት። ግባ፣ ቁጭ በል፣ ደክሞሃል እስክትልህ ድረስ እንዳትዘጋው። ይህን ሰምተህ ጨርሰህ አሁንም ተንዛዝቷል የምትል ከሆነ ለአብዱልወሀብ ንገረው፤ እኔው በገዛ እጄ አጠፋዋለሁ።

አባባ ሰላም ብሎሃል፤ ተቆጥቷል ግን ሰላም ብሎሃል። አቢጊያን በጣም ናፍቀሃታል፤ ድምፅዋ የሬዲዮ ነው መባሏን እንደ ሙገሳ ይዛዋለች። አዴ ሲንቄ ሰላም ትልሃለች፤ ያን ቀን ጥላው የወጣችውን ቅቤ ናፊሳ አንሥታላታለች። ናፊሳም ሰላም ብላሃለች። ኦቦ ሞሲሳ ሳያውቁህ ሰላም ብለውሃል፤ በሬያቸው ድኗል። ለጓደኞችህ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

የሀርሜን ሰላምታ ግን እዚህ አልጻፍኩልህም። እሱን ከራሷ ስማ።

እህትህ ለንሳ ኤጄታ
አምቦ፣ ኅዳር 26 ቀን 2006 ዓ.ም.